የነጠላዬ ጫፍ

ባንቺአየሁ ናት የነገረችኝ፤ እሷም ከሰው ነው የሰማችው፤ ሰውየው ደግሞ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ ብሎ ምሏል አለች። ሐሙስ ዕለት ነው፣ አፓርትመንታችን ታች ያለው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ። እኔ ነጠላዬን ከማሽኑ እያወጣሁ፣ እሷ የኳርተር ሳንቲሟን አንድ በአንድ እየከተተች፣ አንድ እጥበት ከዶላር ከሃያ አምስት ወደ ዶላር ከሰባ አምስት መውጣቱን አንስተን የሕንፃውን ባለቤት ስንረግም ቆየን። ከዚያ ዞር ብላ በሩን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ ፅጌ፣ ክፉ አይስሙና፣ ትርሲት ቅዳሜ ቅዳሜ የህንዶች ጣዖት ቤት እንደምትሄድ ያውቃሉ? ግንባሯ ላይ ቀይ ተቀብታ ፒኮ መንገድ ላይ መኪናዋን ጋዝ ስትሞላ ታይታለች። ሃይማኖቷን ሳትለውጥ አልቀረችም።»

ትርሲት የሟች እህቴ የልጅ ልጅ ናት። በዲቪ ሎስ አንጀለስ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፤ አብረን ነው የምንኖረው፣ እኔ መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ እሷ ሳሎን ሶፋው ላይ። ሥራዋ ቫን ናይስ አንዲት ህንድ አሮጊት መንከባከብ ነው። ይሄን አውቃለሁ። ሶ፣ ያን ጊዜ «አሮጊቷን አድርሳ ይሆናላ፣ ሥራዋ አይደል እንዴ» ብል ወሬው እዚያው ማሽኑ ውስጥ ታጥቦ ያልቅ ነበር። አላልኩም። ለምን አላልኩም? ወሬው እንዳያጥርብኝ ነዋ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ታሟል፣ ቴሌቪዥኑ የሚለፈልፈው በእንግሊዝኛ፣ እኔ ትምህርቴ ከፊደል ያለፈ አይደለም፤ የቀረልኝ ጨዋታ የሰው ወሬ ነው። «ውይ በሞትኩት!» አልኩና ቅርጫቴን መሬት አስቀምጬ ተጠጋኋት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ግን እሑድ ክርስትና አለ። የልጅ ልጄ ፋና የወለደቻት ሕፃን ሰማንያ ቀኗ እሑድ ይሞላል፤ የክርስትና እናት እንድትሆን የተመረጠችው ደግሞ ትርሲት ናት። ፋና እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ አማርኛዋ ሰባራ ነው፣ ትርሲትን ግን እንደ ታላቅ እህቷ ነው የምታያት። የክርስትና እናት ሁኚልኝ ያለቻት ቀን ትርሲት ሳህን እያጠበች ነበር፤ ጀርባዋን እንደሰጠችን «እሺ» አለችና ያንኑ አንድ ሳህን ደግማ ደጋግማ ስታጥብ አየኋት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት። እዚህ አገር «የኔ» የምትላት ሰው ብትኖር ያቺ ሕፃን ልትሆን ነው።

ይሄን ሁሉ እያወቅሁ ነው ወደ ቤቴ ገብቼ ለሰርክ የደወልኩት። ሰርክ የሕፃኗ አባት የካሌብ እናት ናት፤ ፌርፋክስ መንገድ ላይ በርበሬም ሽሮም የአገር ልብስም የምትሸጥበት ሱቅ አላት። «ለማንም እንዳትናገሪ» ብዬ ነው የነገርኳት። ለማንም እንዳትናገሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ሰርክ ግን ጠንቃቃ ናት፤ «በወሬማ ሰው አይጣልም እትዬ ፅጌ፤ እርስዎ አብረዋት ይሂዱና በዓይንዎ ይዩልን» አለችኝ። ለዙሌይካም ላወራት ሞክሬ ነበር። ዙሌይካ የኮምቦልቻ ሰው ናት፣ የዕድሜ እኩያዬ፣ ሰርክ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብላ ልብስ ትሰፋለች፤ የነጠላዬን ጥለት የሰፋችልኝም እሷ ናት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ፅጌ፣ ወሬሽን ስትጨርሺ መቀሱን አቀብይኝ» አለችኝ። ዙሌይካ ጋ ወሬ አይሸጥም።

ዓርብ ማታ ትርሲትን «ነገ ከአሮጊትሽ ጋር ስትወጪ ይዘሽኝ ሂጂ፣ እኔም እንደ ሰው አገር ልይ» አልኳት። ደስታዋ! አራት ዓመት ሙሉ ባሕር ላሳይዎት፣ ተራራ ላሳይዎት ስትል ጉልበቴ፣ ወገቤ እያልኩ እንቢ ስላት የኖርኩ ሴትዮ። «እውነትዎን ነው እትዬ? ከቤተ መቅደሱ በኋላ ማሊቡ ወርደን ባሕሩንም አይተን እንመለሳለን» አለችና የደከመ አካሏን ከሶፋው አንስታ ነጭ ቀሚሴን ስትተኩስ አመሸች። እኔ መኝታ ቤት ሆኜ ባንቺአየሁ ስልኬ ላይ ያሳየችኝን አጠናለሁ። መጀመሪያ ይቺን ክብ መጫን፣ ፎቶው ይነሳል። ከዚያ ቫይበሩን፣ ከዚያ የባንቺአየሁን ስም፣ ከዚያ ቀስቷን። ፊደል የቆጠርኩት በጉልምስናዬ ነው፤ ያን ለታ ግን አንድም አልተሳሳትኩ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ቫን ናይስ ደረስን። የአሮጊቷ ስም ሳሮጃ ነው፤ ትርሲት ግን «አማ» ነው የምትላት፣ በነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው አለችኝ። እኔን እትዬ፣ እሷን እናቴ! ቤቱ ጠባብ ነው፣ አልጋው እንደ ሆስፒታል አልጋ ከፍ ዝቅ የሚል፤ መስኮቱ ላይ የመድኃኒት ጠርሙስ ተደርድሯል፤ ግድግዳው ላይ አበባ የተደረገለት የአንድ ሽማግሌ ፎቶ አለ፣ ባሏ መሰለኝ። ሳሮጃ ከኔ አጥራ፣ ከኔ ቀጥና፣ አረንጓዴ ሐር ለብሳ ባለ ጎማው ጋሪ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላለች። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ አምባሮቿ ሳይነኳቸው ይንሿሿሉ። እኔን ስታይ ሁለት እጇን አጋጥማ ራሷን ዝቅ አደረገች። እኔም ወገቤን ያዝ አድርጌ እጅ ነሳሁ። ሁለት አሮጊት፣ አንድም የጋራ ቃል የሌለን፣ መኪና ውስጥ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መንገዱን በሙሉ የነጠላዬን ጥለት በጣቷ እየዳሰሰች «ናይስ፣ ናይስ» ትለኛለች። ለምርመራ እየሄድኩ መሆኔን ብታውቅ!

ፈጣኑን አውራ ጎዳና፣ ፍሪዌዩን፣ ጨርሰን ደረቅ ተራራ ውስጥ ገባን። ሣሩ በነሐሴ ፀሐይ ተቃጥሎ ቢጫ ሆኗል፣ አልፎ አልፎ አንዳንድ ዛፍ፣ አንዳንድ የሀብታም ቤት። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ድንገት ነጭ ነገር ብቅ አለ። እኔ ጨለማ ቤት፣ እባብ፣ ጭስ ስጠብቅ የነበርኩት ሴት! ወተት የመሰለ ግንብ ነው፣ ማማው ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ በየደረጃው ሰውም እንስሳም የተቀረጸበት። ፓርኪንጉ ሞልቷል። ሴቶቹ ብርቱካንማ፣ ወይን ጠጅ፣ የወርቅ ዘርፍ ያለው ልብስ ለብሰው፣ ኮኮናትና ሙዝ በሳህን ይዘው ይወጣሉ፤ ልጆቹ ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ በባዶ እግራቸው ይዘላሉ። ትርሲት ቅዳሜ ለዚህ ቤተ መቅደስ ትልቅ ቀኑ ነው አለችኝ። አገራቸው ላይ ተራራ አለ፤ ከየአገሩ ሰው በእግሩ እየወጣ የሚሳለመው፣ ፀጉሩን ተላጭቶ ስለቱን የሚያስገባበት። ሳሮጃ ሳትሞት አንድ ጊዜ ልትወጣው ተስላ ነበር፤ ሐኪሞቹ በአውሮፕላን አትሄጂም አሏት። ሶ፣ በየሳምንቱ እዚህ ትመጣለች፣ የዚያ ተራራ ምትክ ነው። እኔም ግሸን ማርያምን ልወጣ ተስዬ ጉልበቴ ታሞ የቀረሁ ሰው ነኝ። ይሄንን ግን ለትርሲት አልነገርኳት፤ በሆዴ «ምን አገናኘው!» አልኩ።

ደረጃው ጋ ስንደርስ ጫማ አውልቁ ተባለ። ይሄስ የኛ ነው፣ ብዬ ቶሎ አወለቅሁ። ትርሲት ጋሪውን ምሰሶው ጥግ አቁማ ጎንበስ አለች። ከጎንበስም አልፋ ተንበረከከች፣ ግንባሯ መሬቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከፊቷ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ አንድ አምላካቸው ቆሟል። ስልኬን አወጣሁ። ምሰሶው ጋሪውን ከነአሮጊቷ ሸፍኖታል፤ በስልኩ መስታወት ውስጥ የምትታየው ትርሲት ብቻ ናት፣ ተደፍታ፣ ከጣዖቱ ፊት። ክቧን ተጫንኩ። ከዚያ ትርሲት ቀና አለች፤ በአንድ እጇ የሳሮጃን ጫማ፣ በሌላው ያበጠ እግሯን ይዛ በመዳፏ ታሸው ነበር። ጫማውን አይቼዋለሁ። አላየሁም ብል ውሸት ነው። አይቼው ነው ቫይበሩን የከፈትኩት፣ አይቼው ነው የባንቺአየሁን ስም የፈለግሁት፣ አይቼው ነው ቀስቷን የተጫንኳት። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ባንቺአየሁ ሦስት የሚያለቅስ ፊትና «ጉድ!» የሚል ልካልኛለች። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። እንዲህ ቶሎ የሚመለስልኝ ነገር ከላክሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ውስጥ ገቡ። እኔ በሩ ላይ፣ አንድ እግሬ ውስጥ፣ አንድ እግሬ ውጭ፣ መስቀሌን ጨብጬ በስመ አብ እያልኩ ቆምኩ። ደወል ይደወላል፤ ገላቸውን እስከ ወገብ የገለጡ ቄሶች በማይገባኝ ቋንቋ በዜማ ያነበንባሉ፤ ሰዉ ተሰልፎ እፍኙን ዘርግቶ ውኃ ይቀበልና ይጠጣል፣ የቀረውን ራሱ ላይ ያፈሰዋል። ጠበል በሉት። አንዱ ቄስ የብር ቆብ የመሰለ ነገር በየሰዉ አናት ላይ ያሳርፋል፣ የኛ ቄስ መስቀል እንደሚያሳልሙት። ትርሲትን በዓይኔ ተከተልኳት። ጋሪውን እስከ መከለያው ገፍታ አቆመች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳ ግድግዳውን ተደገፈች። እጇን ወደ ኋላ አጣመረች። ቆቡ ወደ እሷ ሲመጣ ራሷን ነቅንቃ በትሕትና አሳለፈችው። ዓይኗ ከሳሮጃ ጀርባ ላይ ነቅነቅ አላለም፤ አሮጊቷ ትንፋሽ ሲያጥራት ትከሻዋ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለች መሰለኝ፣ እሱን ነው የምትጠብቀው። ስትሰግድ አላየሁም። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ስትሰግድ አላየሁም።

ከዚያ ሰዉ ግቢውን ይዞራል። ሳሮጃ ሁለቱን ዙር በጋሪ ዞራ፣ ሦስተኛውን በእግሬ ካልሄድኩ አለች። ትርሲት ብብቷ ሥር ገብታ አነሳቻት። አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት፣ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት፤ ድንጋዩ ያቃጥላል፣ ባዶ እግር ናቸው ሁለቱም። እኔ ከኋላ ባዶውን ጋሪ እየገፋሁ። ትርሲት ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ «ዌል ደን አማ፣ ትንሽ ቀረን፣ ትንሽ ቀረን» ትላታለች፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ። ጨርሰው ሲቀመጡ ሳሮጃ ፊቷ አብርቶ ነበር። ተራራዋን ወጣች። ያን ጊዜ ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ላጠፋው ሞከርኩ። ከኔ ስልክ ጠፋ። ባንቺአየሁ ጋ ያለው ግን እንደማይጠፋ እኔም አላጣሁትም።

ታች ምግብ ቤት አላቸው። ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሳሮጃ በሚንቀጠቀጥ እጇ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ቢጫ ጣፋጭ ነገር ለኔም ለትርሲትም አደለችን፤ ከቤተ መቅደሱ የተሰጠ በረከት ነው። ትርሲት በሁለት እጇ ተቀብላ ግንባሯን አስነክታ በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ ርቦኝ ነበር፣ ሥጋ የማይበላበት ቦታ ነው ብለውኛል፣ እንግዲህ የጾም ነው ብዬ ጎረስኩት። እንዴት ይጣፍጣል! ግማሹን ውጬ «አንቺ ለምን አትበዪም?» ስላት ሳቋን አፍና «እትዬ፣ ፍልሰታ አይደለም እንዴ? በቅቤ ነው የሚሠራው» አለችኝ። በፍልሰታ፣ ቅቤ፣ ያውም ከጣዖት ፊት የመጣ! ልትፋው አልኩ፤ ሳሮጃ ዓይን ዓይኔን እያየች «ጉድ? ጉድ?» ትለኛለች፣ ጥሩ ነው ወይ ማለቷ ነው። ዋጥኩት። ከዚያ ሳሮጃ ከወረቀት ውስጥ ቀይ ዱቄት በጣቷ ቆንጥራ ትርሲት ግንባር ላይ አደረገች፤ ቀጥላ እጇን ወደኔ ዘረጋች። ጣቷ እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ ያለውን ጊዜ ልነግራችሁ አልችልም፤ አንድ ዓመት ይሆናል። ልሸሽ እችል ነበር። አልሸሸሁም። ግንባሬ ላይ አሳረፈችው፣ ከዚያ ጉንጬን ዳበስ አደረገችኝ። ትርሲትን ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺ፣ ይሄን ለምን ትፈቅጃለሽ?» አልኳት። «ለሷ ምርቃት ነው እትዬ። ያን ያህል ለፍታ እጇን ስትዘረጋልኝ ፊቴን ላዙርባት? ማታ ታጥቤ ውዳሴዬን እደግማለሁ። እግዜር ልቤን ያውቃል።»

ማሊቡ ወረድን። ፓርኪንጉ አሥራ አምስት ዶላር ነው፤ ትርሲት ለአሥራ አምስት ዶላር ባሕር አላይም ብላ መንገድ ዳር በነፃ ፓርክ አደረገች። ስምንት ዓመት ሎስ አንጀለስ ስኖር ባሕር ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ሳሮጃ መኪናው ውስጥ በሩን ከፍታ እንቅልፍ ወሰዳት። ትርሲት እጄን ይዛ እስከ ውኃው አደረሰችኝ፤ ማዕበሉ እግሬን ሲነካኝ እንደ ልጃገረድ ጮህኩ፣ እሷ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ከረጢት አውጥታ «ለማንም አላሳየሁም፣ እርስዎ ይዩት» አለች። ማተብ ነው። የሕፃኗ ማተብ። ነጭና ሰማያዊ ክር እጅግ ጠብቆ የተገመደ፣ ጫፉ ላይ ስንዴ የምታህል የብር መስቀል። «ሺፍት ላይ ነው የገመድኩት። አንዱን ጫፍ የሚይዝልኝ ስላልነበረ አማ ያዘችልኝ። እጇ ሲንቀጠቀጥ ክሩ እየተፈታብን ሦስቴ ደገምነው። ለማን ነው ስትለኝ ለልጄ ነው አልኳት።» ቀና ብላ አየችኝ። «ልጄ ማለቴ ኃጢአት ነው እንዴ እትዬ?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ከባሕሩ በቀር የሚሰማን የለም። «ትርሲት፣ በድዬሻለሁ፣ ቶሎ ደውለሽ እንዲህ በያቸው» ብል ሁሉም ይድን ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ነፋሱ በረታ፣ እንሂድ» አልኩ። ወሬ ሲሆን እንደ ወፍጮ የሚዞር አፍ እኮ ነው፣ እውነት ሲሆን ተዘጋ።

ሳሮጃን ስንመልሳት ልጇ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ትርሲት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ፊቷን ታጥባ ነው የምትወጣው፤ የዚያን ቀን ግን እኔ መኪና ውስጥ በሙቀት እንዳልቆይ ብላ አድርሳት ሮጣ ተመለሰች። ፍሪዌዩ ተዘጋግቷል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰርክ ሱቅ ተገናኝተን የነገውን እናሰናዳለን ተብሏል፤ ትርሲት ሰዓቷን እያየች፣ ከሕፃኗ ጋር ምን እንደምታደርግ እያወራች ትነዳለች። እኔ ከፊቴ ያለውን የፀሐይ መከለያ አውርጄ መስታወቱን አየሁ። ቀዩ ግንባሬ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ልክ እንደ ማኅተም። ፌርፋክስ መውጫ ጋ ስንደርስ የነጠላዬን ጫፍ በምራቄ አርሼ አሸሁት፣ አሸሁት፣ ጠፋ። ዱቄቱ ጥለቱ ውስጥ ገባ፤ አጥፌ ከውስጥ በኩል አደረግሁት። የእሷም ግንባሯ ላይ እንዳለ ነው። ጥረጊው አላልኳትም። ጥረጊው ብላት ለምን ትለኛለች፣ ለምን ካለችኝ ደግሞ የፎቶው ነገር ሊወጣ ነው።

የሰርክ ጓዳ ጠባብ ናት። በአንድ ወገን የበርበሬ ካርቶን እስከ ጣሪያ፣ በአንድ ወገን ዙሌይካ ከነስፌት መኪናዋ፣ መሃል ላይ የሽንኩርት ሳህን የሞላበት ጠረጴዛ። ስንገባ ፋና ሕፃኗን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ባንቺአየሁ አጠገቧ በፌስታል አዲስ ነጭ ቀሚስ ይዛለች። ቀሚሱን ሳይ ነገሩ አልቆ እንደጠበቀን ገባኝ። ሁሉም የትርሲትን ግንባር አዩ።

«ትርሲትዬ፣ ቁጭ በይ» አለች ሰርክ። ክፉ ሴት አይደለችም። «ለነገው ባንቺአየሁ ትሁን ብለናል። ካሌብም ተስማምቷል። አንቺ ብዙ ሥራ አለብሽ።»

«ኖ፣ እኔ አልተስማማሁም» አለች ፋና። «አይ ዲድንት ሰይ የስ። ማንም አልጠየቀኝም።»

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ ዝም በይ» አለቻት ሰርክና ስልኳን ለትርሲት ዘረጋችላት። ትርሲት ፎቶውን ተቀብላ አየችው። በሁለት ጣቷ አሰፋችው፣ ደረጃውን አየች፣ ምሰሶውን አየች፣ ደጋግማ አየችው። ያን ሰዓት እዚያ ደረጃ ሥር ስልክ ይዛ የቆመች የምታውቃት ሰው አንዲት ብቻ ናት። ቀና አለችና አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አይደለም። ማን አነሳው አላለችም። እስከ ዛሬም አላለችም።

«ጫማዋን እያወለቅኩላት ነበር» አለች።

«የማንን ጫማ?» አለች ባንቺአየሁ። «አሮጊቷ የታለች እዚህ ላይ? ጋሪው የታለ? እሺ ጫማ ይሁን፣ ግንባርሽ ላይ ያለውስ?» ትርሲት ግንባሯን ነካችው፣ ጣቷ ቀላ፤ ጣቷን አየች እንጂ አልጠረገችውም። ባንቺአየሁ ቀጠለች፦ «ይኸው እትዬ ፅጌ አብረዋት ውለዋል፣ እሳቸው ይፍረዱ። እትዬ ፅጌ፣ በእመቤታችን፣ ሰግዳለች አልሰገደችም?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። በሕይወቴ እንዲህ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ የኔን ወሬ ጠብቆ አያውቅም። አንዲት ቃል ናት የምታስፈልገው፣ «አልሰገደችም» ማለት። ግን ከሷ በኋላ ሌላ ይመጣል። ታዲያ ለምን ላኩት? እርስዎስ ምን በሉ? እርስዎንስ ቀብታዎታል? የሰባ ሦስት ዓመት ሴትዮ ከአማቾችና ከጎረቤት ፊት ልትራቆት ነው። «እንግዲህ… ዓይኔም ደክሟል» አልኩ። «ፀሐዩ ደግሞ… ሰው ብዙ ነበር… በደንብ አላየሁም።»

ትርሲት ራሷን ነቀነቀች፣ ልክ ቆቡን ስታሳልፍ እንዳደረገችው። ከቦርሳዋ ከረጢቷን አውጥታ ማተቡን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሽንኩርቱ ራቅ አድርጋ፣ ዘርግታ አስቀመጠችው። «ይሄን ይሰሩላት፤ አጥብቄ ነው የገመድኩት፣ አይፈታም» አለች። ፋና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ትርሲት ሕፃኗን ልትስም ጎንበስ ልትል አለችና መሃል ላይ ተወችው፤ ስልኩ ውስጥ እንዴት ጎንበስ ብላ እንደምትታይ አስታውሳ መሰለኝ። ወደ በሩ ዞረች።

የስፌት መኪናው ቆመ። ዙሌይካ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ተነሳች፣ ቀጥ ብላ ወደኔ መጣች። ሰላም የምትለኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እጄን አልፋ የነጠላዬን ጫፍ ያዘች፣ ያጠፍኩትን ገለበጠችው። ወደ አምፖሉ አነሳችው። በአውራ ጣቷ ፈተገችው፤ ጣቷ ቀላ፣ ልክ እንደ ትርሲት ጣት።

«ይሄን ጥለት የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «አረንጓዴ ነው። ቀይ አላስገባሁበትም።»

ትርሲት በሩ ላይ ቆመች። ባንቺአየሁ የኔን ግንባር አየች፤ ስፈትገው የተላጠው ቦታ ቀልቶ ሳይታያት አልቀረም። «ዙሌይካ፣ በናትሽ» አልኳት በሹክሹክታ፤ በሰባት ዓመት ጓደኝነታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም እንድትል ለመንኳት። የነጠላዬን ጫፍ ሳትለቅ ወደ ሰርክና ወደ ባንቺአየሁ ዞረች።

«እኔ እስላም ነኝ፣ በክርስትናችሁ አልገባም። ግን አንደኛዋ ግንባሯ ላይ ይዛው ገባች፤ ሌላኛዋ በነጠላዋ ጠርጋው ገባችና ዓይኔ አያይም አለች። እስቲ ንገሩኝ፣ ልጃችሁን በየትኛዋ እጅ ነው የምታስቀምጧት?»